በጦርነት ዘመን የውጭ አገር አክሲዮን፤ መግቢያውና መውጫው

የምዕራብ ጎጃም ነጋዴ አክሲዮን ለሚባለው ነገር እንግዳ አይደለም። በፈረስ ቤት፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከእህልና ከበርበሬ ንግድ ከተገኘው ትርፍ ላይ ቀንሰው የባንክ አክሲዮን የገዙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ግብዣ በስልክ መምጣት ጀምሯል። ይኸውም «በዓለም ላይ ጦርነት በተነሣ ቁጥር የውጭ አገር አክሲዮን ዋጋው ይረክሳልና በዚያን ጊዜ የገዛ ያተርፋል» የሚል ነው። ይህ አነጋገር በከፊል እውነት ያለበት በመሆኑ ተገቢ ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

ዋጋው ስለ ምን ይወርዳል?

አክሲዮን ማለት በአንድ ማኅበር ንብረትና ትርፍ ላይ ያለ ድርሻ ነው። ዋጋውም የሚቆመው ማኅበሩ ወደፊት ያተርፋል ተብሎ በሚጠበቀው መጠን ነው። ጦርነት ሲነሣ የነገው ነገር ስለማይታወቅ ብዙዎች በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ይሽቀዳደማሉ፤ ዋጋውም ይወድቃል። ኢራቅ ሐምሌ 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ኩዌትን በወረረች ጊዜ የኒውዮርክ ገበያ በጥቂት ወራት ውስጥ 20 በመቶ ያህል ወርዶ ነበር፤ ነገር ግን በየካቲት 1983 ዓ.ም. ወደ ቀድሞው ደረጃ ተመለሰ። በፍርሃቱ ጊዜ የገዛ አተረፈ ማለት ነው። በዚያው ወቅት ግን የኩዌት የአክሲዮን ገበያ ራሱ ተዘግቶ ለረዥም ጊዜ ሳይከፈት ቆየ። እንግዲህ በአንዱ ጦርነት ምክንያት ከጦሩ ሜዳ የራቀው ገበያ ሲያገግም፣ ጦሩ የደረሰበት ገበያ ግን ለባለቤቶቹ በሩን ዘጋ። ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው ይህን ልዩነት ነው፤ የወረደ ዋጋ ሊመለስ ይችላል፤ የተዘጋ በር ግን ባለገንዘቡን ሸጦ ከመውጣት ይከለክለዋል።

የስዊዝና የሞስኮ ምሳሌ

የግብፅ ፕሬዚዳንት ጋማል አብደል ናስር ሐምሌ 19 ቀን 1948 ዓ.ም. የስዊዝ ቦይ ኩባንያን የመንግሥት ንብረት ባደረጉ ጊዜ የወጣው ሕግ፣ ባለ አክሲዮኖቹ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን በፓሪስ ገበያ በተዘጋው ዋጋ እንደሚካሱ ይናገር ነበር። ካሣው የሚከፈለው ግን የኩባንያው ንብረት በሙሉ ለግብፅ ከተላለፈ በኋላ ነው ተባለ። በመካከሉ ጦርነት ተነሣ፤ ቦዩም ለወራት ተዘጋ። ጉዳዩ የተቋጨው በሐምሌ 1950 ዓ.ም. በተደረሰው ስምምነት ሲሆን፣ 28.3 ሚሊዮን የግብፅ ፓውንድ በየጊዜው እየተከፋፈለ እንዲከፈል ተወሰነ። ባለ አክሲዮኑ ገንዘቡን ፈጽሞ አላጣም፤ ነገር ግን መቼና በምን ያህል እንደሚያገኝ የሚወስነው እርሱ መሆኑ ቀርቶ በመንግሥታት መካከል የሚደረግ ድርድር ሆነ።

ከ60 ዓመታት በላይ ቆይቶ በሩሲያ የሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ጦርነቱ የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. በዩክሬን ላይ ከተከፈተ በኋላ የሞስኮ የአክሲዮን ገበያ ለሳምንታት ተዘጋ። መጋቢት 15 ቀን በከፊል ሲከፈትም የውጭ አገር ሰዎች እንዳይሸጡ ተከለከሉ። በለንደን ገበያ የሚሸጠው የታላቁ የሩሲያ ባንክ የስበርባንክ የድርሻ ሰነድ፣ ከጦርነቱ በፊት ከ10 ዶላር በላይ ያወጣ የነበረው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ግድም ወረደ፤ ከዚያም ሽያጩ ጭራሽ ታገደ። ባንኩ በአገሩ ሥራውን አላቆመም ነበር። «ረከሰ» ብሎ በመጨረሻው ሰዓት የገዛው ግን መልሶ የሚሸጥበት ስፍራ አጣ።

ወሬው እውነት ሆኖ ግዢው ሲሳሳት

በሩ ክፍት በሆነበት ገበያም ቢሆን የጦርነትን ወሬ ተከትሎ መግዛት የራሱ አደጋ አለው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲጀመር ብዙ መርከቦች ባብ ኤል መንደብን ትተው በደቡብ አፍሪካ በኩል መዞር ጀመሩ። የጭነት ኪራይ ናረ፤ የመርከብ ኩባንያዎችም አክሲዮን ዋጋው ከፍ አለ። የዴንማርኩ የሜርስክ ኩባንያ ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም. የዓመቱን ግምት ሲያስታውቅ ግን፣ በዓለም ላይ የአዳዲስ መርከቦች ብዛት ትርፉን እንደሚጫን በመግለጹ፣ አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከ10 በመቶ በላይ ወደቀ። የቀይ ባሕሩ ወሬ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ወሬው በፈረስ ቤት ገበያ ሲሰማ በኮፐንሃገን ዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ገብቶ ነበር። በእህል ንግድም ቢሆን ዋጋው መወደዱን አገር ሁሉ ካወቀው በኋላ የሚገዛ ነጋዴ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የገንዘቡ ምንዛሪ

አክሲዮኑ በዶላር ሲገዛ ነጋዴው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይገዛል፤ አንዱ የማኅበሩ ድርሻ ሲሆን ሁለተኛው ዶላሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ። በዶላር የተቀመጠ ሀብት በብር ሲቆጠር በዚያን ቀን አድጓል። ሆኖም ይህ ትርፍ ከማኅበሩ የመጣ አይደለምና ከአክሲዮን ዕውቀት ጋር ሊምታታ አይገባም።

ሕጉና የአገር ውስጡ ገበያ

በኢትዮጵያ የሚኖር ሰው ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ምንዛሪ ወደ ውጭ ልኮ አክሲዮን ሊገዛ አይችልም። በስውር መንገድ የተላከ ገንዘብ፣ ተቀባዩ ሲክድ፣ በየትኛውም ዳኛ ፊት ደፍሮ ለመጠየቅ አይመችም። በስልክ የመጣ ወኪል የተመዘገበ ደላላ ይሁን አይሁን ከፈረስ ቤት ሆኖ ማረጋገጥም ቀላል አይደለም።

የአገር ውስጡ ገበያም የራሱ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ባንክ ድጋፍ የአክሲዮን መገበያያ ቡድን ተቋቁሞ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ መድን ድርጅቶችና ትላልቅ ፋብሪካዎች ሲወረሱ ያ ገበያ አበቃ። ከዚያ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ። የ1967ቱ ምሳሌ እንደሚያስረዳው በሩ የሚዘጋው በባዕድ አገር ብቻ አይደለም።

ነጋዴው ሊመዝነው የሚገባ

የፈረስ ቤት ነጋዴ አንድም የውጭ አክሲዮን ባይኖረው እንኳ በዓለም ጦርነት ገበያ ውስጥ አለ። የማዳበሪያ፣ የዘይትና የነዳጅ ዋጋ በጥቁር ባሕርና በቀይ ባሕር ሁኔታ ይወጣል ይወርዳል፤ የደጋ ዳሞት የድንችና የገብስ ገበሬ ማዳበሪያው ሲወደድበት ከሱቁ የሚገዛውን ይቀንሳል። ስለዚህ ሱቁን የሚጎዳው ጦርነት አክሲዮኑንም የሚጎዳ ከሆነ ነጋዴው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይመታል።

በፈቃድ ገንዘቡን በውጭ ለማዋል የሚችል፣ ወይም በውጭ የሚኖር ዘመዱ ምክር የሚጠይቀው ሰው፣ ከዋጋው በፊት እነዚህን ይጠይቅ፤ ገበያው ያለበት አገር ከጦርነቱ ምን ያህል ይርቃል? የውጭ ሰው ሸጦ ገንዘቡን የማውጣት መብቱ በምን ሕግ ይጠበቃል? ገንዘቡስ ለስንት ዓመት ሳይፈለግ ሊቆይ ይችላል? ከኅዳር እስከ ጥር እህል የሚሸመትበት ገንዘብ ለዚህ ሥራ አይሆንም። መውጫው በግልጽ ያልታወቀ ገበያ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለነጋዴ ውድ ነው።