ክራፕስ፦ በመጀመሪያው ውርወራ የሚያተርፍ፣ በሁለተኛው የሚከስር ውርርድ

በላስ ቬጋስ ካዚኖዎች ውስጥ የደስታ ጩኸት ከተሰማ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከክራፕስ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው እንደ ገንዳ ዙሪያውን የታጠረ ሲሆን፣ ከ10 የሚበልጡ ሰዎች ከበውት ሁለት ዳይስ የሚወረውረውን ተጫዋች ያጅባሉ። አብዛኛው ሰው ገንዘቡን ያስያዘው በወርዋሪው እጅ ላይ በመሆኑ፣ አብሮ ይደሰታል፣ አብሮ ያዝናል። በዚህች ከተማ በታክሲ ሾፌርነትና በካዚኖ ሠራተኛነት የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት ስላልሆኑ፣ ለሥራ ወደዚያ ብቅ ያለ ነጋዴ ጠረጴዛውን የሚያሳየው የአገር ልጅ አያጣም።

ቺፕሱን ከማስቀመጡ በፊት ግን ሒሳቡን ቢያየው ይበጀዋል። የሚገርመው፣ ሒሳቡ ሲጀምር ለተጫዋቹ ያደላ መሆኑ ነው።

የጨዋታው መሠረታዊ ውርርድ ፓስ ላይን ይባላል። ተጫዋቹ ለምሳሌ 10 ዶላር ያስይዛል፤ ዳይሶቹ ይወረወራሉ። ድምሩ 7 ወይም 11 ከመጣ ወዲያውኑ 10 ዶላር ያተርፋል። 2፣ 3 ወይም 12 ከመጣ ያስያዘው ይወሰዳል። ሁለት ዳይስ ሲወረወር ሊመጡ የሚችሉት ውጤቶች 36 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 7 በ6 መንገድ፣ 11 ደግሞ በ2 መንገድ ስለሚመጣ ተጫዋቹን የሚያስበሉት 8 ናቸው። የሚያስበሉበት ግን 4 ብቻ ናቸው። 8 ለ4 የሆነ ውርርድ በየትኛውም ገበያ ቢቀርብ ሻጩ ያበደ ይመስላል።

ካዚኖው አላበደም። ትርፉን ያስቀመጠው በቀሪዎቹ 24 ውጤቶች ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ውርወራ 4፣ 5፣ 6፣ 8፣ 9 ወይም 10 ከመጣ ያ ቁጥር "ፖይንት" ይሆናል። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ የሚያሸንፈው ያው ቁጥር ከ7 በፊት ከተደገመ ነው። ቀድሞ ባለውለታው የነበረው 7 በዚህ ጊዜ ጠላቱ ይሆናል። ፖይንቱ 4 ከሆነ 4 የሚመጣው በ3 መንገድ ሲሆን 7 ግን በ6 መንገድ ይመጣል። ከሁሉ የሚሻሉት 6 እና 8 እንኳ 5 ለ6 ናቸው።

ነገሩን በንግድ መዝገብ ለማየት ለሚፈልግ፣ 1,980 ጊዜ አንድ አንድ ዶላር ተያዘ ቢባልና ውጤቶቹ በትክክል በየድርሻቸው ቢመጡ፣ በመጀመሪያው ውርወራ 440 ይበላል፣ 220 ይበላበታል፤ ትርፍ 220 ዶላር። ወደ ፖይንት ከተሻገሩት 1,320 ውርርዶች ደግሞ 536 ይበላል፣ 784 ይበላበታል፤ ኪሳራ 248 ዶላር። ሲጣፋ ካዚኖው 28 ዶላር ይቀረዋል። ይህ ከተያዘው ገንዘብ 1.41 በመቶ ነው። ቤት አሻሽጦ 2 በመቶ ለሚጠይቅ ደላላ ይህ ኮሚሽን ተብሎ የሚጠራ አይመስለውም። ይሁን እንጂ ደላላው አንድ ቤት ሲሸጥ የሚቀበለው አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ካዚኖው ያችኑ 10 ዶላር በየሁለት ደቂቃው ያሻሽጣታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው የውል ጉዳይ አለ። ፖይንት ከቆመ በኋላ የፓስ ላይን ገንዘብ አይነሣም። ተጫዋቹ ጥሩውን ግማሽ ተጠቅሞ መጥፎው ሲመጣ እንዳይወጣ በሩ ተዘግቶበታል። በአንጻሩ "ዶንት ፓስ" የሚባለው፣ ወርዋሪው ይሸነፋል ብሎ የሚያዝበት ተቃራኒ ውርርድ ፖይንት ከቆመ በኋላ በፈለጉ ጊዜ ሊነሣ ይችላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሚዛኑ ለተጫዋቹ ስላደላ ካዚኖው ቢያነሣለት ደስታው ነው።

ፓስ ላይን የሚያከስር ከሆነ ተቃራኒውን መያዝ ያተርፋል ማለት አይደለም ወይ? ነጋዴ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። መልሱ በአንዲት ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል። በዶንት ፓስ፣ በመጀመሪያው ውርወራ 12 ሲመጣ ገንዘቡ አይበላም፣ አይበላበትምም፤ ባለበት ይቆያል። ከ1,980 ውስጥ እነዚህ 55 ናቸው። 55ቱ ከአሸናፊዎቹ ሲቀነሱ ሊሆን የነበረው የ28 ዶላር ትርፍ ወደ 27 ዶላር ኪሳራ ይገለበጣል። እንዲህ በቀጭን መርፌ የተሰፋ ውል በአክሲዮን ገበያም ብዙ አይገኝም።

ኮሚሽን ከሌለባቸው ጥቂት የካዚኖ ውርርዶች አንዱ "ኦድስ" የሚባለው ሲሆን፣ እሱም ከፓስ ላይን ጀርባ የሚጨመር ገንዘብ ነው። የሚገርመው በጨርቁ ላይ የራሱ ቦታ እንኳ አልተጻፈለትም፤ የሚያውቅ ብቻ ያስቀምጣል። ፖይንቱ 4 ወይም 10 ከሆነ 2 ለ1፣ 5 ወይም 9 ከሆነ 3 ለ2፣ 6 ወይም 8 ከሆነ 6 ለ5 ይከፍላል፤ ይህም እውነተኛው ዋጋ ነው። በ10 ዶላሩ ላይ 20 ዶላር ኦድስ የጨመረ ሰው ለካዚኖው በአማካይ የሚከፍለው ያችኑ 14 ሳንቲም ነው። ኪሱ ግን በአንድ ጊዜ ወደ ላይም ወደ ታችም በሰፊው ይዋዥቃል።

የጠረጴዛው መካከል ሌላ ሰፈር ነው። በቀለም ያሸበረቁት ውርርዶች ያሉት እዚያ ነው። "ቀጣዩ 7 ነው" ብሎ ለሚይዝ 4 ለ1 ይከፈለዋል፤ እውነተኛው ዋጋ ግን 5 ለ1 ነው። የቤቱ ድርሻ 16.67 በመቶ ይሆናል። በሰዓት 100 ጊዜ ቢወረወር፣ በፓስ ላይን 10 ዶላር የሚይዝ ሰው 30 ያህል ውርርድ ይወሰንለትና በአማካይ 4 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ይከስራል። በእያንዳንዱ ውርወራ 7 ላይ 10 ዶላር የሚይዘው ጎረቤቱ በዚያው ሰዓት 166 ዶላር ይከስራል። ሁለቱም የቆሙት በአንድ ጠረጴዛ ነው፤ የሚጮኹትም ለአንድ ዳይስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በአትላንቲክ ሲቲ አንዲት ሴት ከ4 ሰዓት በላይ ሳትሸነፍ 154 ጊዜ ወርውራለች። ለፓስ ላይን ግን ከፖይንቱና ከ7 ውጭ የሚመጣ ቁጥር ሁሉ ምንም የማይወስን ነው፤ ሲወሰንም ክፍያው 1 ለ1 ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ በየጊዜው 10 ዶላር ብቻ እያስያዘ ሲያጨበጭብ ያመሸ ሰው ይዞ የሚወጣው፣ ከጀርባው ኦድስ ሲጨምርና ትርፉን መልሶ ሲያስይዝ ካመሸው ሰው ጋር የሚወዳደር አልነበረም።