የቡና ነጋዴው ላንድክሩዘር በዓመት ስንት ያስወጣል?

በከፋ ዞን፣ ከቦንጋ አንስቶ እስከ ጨና ወረዳ ዋና ከተማ ዋጫ ድረስ ቡና የሚሰበስብ ነጋዴ ያለ ጠንካራ መኪና መሥራት ይቸግረዋል፡፡ አስፋልቱ ላይ ማንኛውም አውቶሞቢል ይሄዳል፡፡ ቡናው ያለው ግን ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ ዝናብ ባገኘው ቁጥር ጭቃ በሚሆን የቀበሌ መንገድ ዳር ነው፡፡ ስለዚህም የነጋዴው ዓይን የሚያርፈው ያገለገለ ቶዮታ ላንድክሩዘር ላይ ነው፡፡

ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከረው በመሸጫው ዋጋ ነው፡፡ ኪሱን የሚያራቁተው ግን ከርክክብ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ነው፡፡ በለቀማ ወቅት መኪናው ጋራዥ ከገባ ደግሞ ኪሳራው በጥገናው ሒሳብ አያበቃም፤ ለቡና መግዣ የተያዘው ገንዘብ መለዋወጫ ይሆናል፡፡

ገበያው ለምን ጠበበ?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፡፡ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ፡፡ በዚሁ ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፡፡

የሦስቱ ውጤት ሲደመር ትርጉሙ ግልጽ ነው፡፡ አገር ውስጥ ያለው ያገለገለ መኪና ዋጋውን ይዞ ይቆያል፤ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ግን ዶላሩን ተከትሎ ይወጣል፡፡ መኪናው መልሶ ሲሸጥ አይከስርም ብሎ የገዛ ሰው ትርፉን ጋራዥ ውስጥ ሊያጣው ይችላል፡፡

የትኛው በምን ይታመማል?

ነጋዴው ከሚያማርጣቸው ሞዴሎች ውስጥ ሃርድ ቶፕ የሚባለው 78 እና እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተሠራው 80 ይገኙበታል፡፡ ሃርድ ቶፑና ብዙዎቹ የናፍጣ 80ዎች 1ኤችዜድ የተባለውን 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ይዘዋል፡፡ ኮምፒዩተር የማይፈልግ፣ የገጠር መካኒክም የሚፈታው ሞተር ነው፡፡ ደካማ ጎኑ ሙቀት ነው፡፡ ከቦንጋ በጅማ በኩል አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርድና ጭነቱን ይዞ ረዥም ዳገት ይወጣል፡፡ ራዲያተሩ በደለል ከተደፈነ ወይም ውኃ ከጎደለ እዚያ ላይ ይግላል፤ አንዴ ክፉኛ የጋለ ሞተር ደግሞ ጋርኒሲዮኑን ያቃጥላል፣ ቴስታታውንም ሊሰነጥቅ ይችላል፡፡ ኋላ ላይ ተርቦ የተገጠመለት 1ኤችዜድ ለዚህ ችግር የበለጠ የተጋለጠ ነው፡፡

ሁለተኛው ነጥብ የታይሚንግ ቺንጋ ነው፡፡ በየ100 ሺሕ ኪሎ ሜትሩ መለወጥ አለበት፡፡ ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ አነስተኛ የነበረው ወጪ ሞተር ወደ ማውረድ ይሸጋገራል፡፡ በ80ው ላይ የሚገኘው ቀደምት ባለ ተርቦ 1ኤችዲቲ ሞተር በበኩሉ የቢየላ ኩሽኔታዎቹ ቶሎ በማለቅ ይታወቃል፡፡ ሻጩ መለወጣቸውን በደረሰኝ ማሳየት ካልቻለ ገዢው የመለወጫውን ወጪ ከዋጋው ላይ መቀነስ ይገባዋል፡፡

ጭቃ የሚጎዳው የፊት አክሰሉን ነው፡፡ ከጎማው በስተጀርባ ያለው ኳስ በቅባት ርሶ ከታየ ዘይት ማገጃው አልቋል ማለት ነው፤ ውኃና ጭቃም ወደ ውስጥ ይገባል፡፡ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራም ከአስፋልት ይልቅ በቀበሌ መንገድ ቶሎ ያልቃሉ፡፡

እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ የተሠራው የናፍጣው ቪ8 ምቹና ጉልበተኛ ነው፡፡ ይሁን እንጂ 8 ኢንጀክተሮችና 2 ተርቦዎች አሉት፤ ናፍጣውንም በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ በመሆኑ ውኃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ነዳጅ አይታገሥም፡፡ ማደያ በራቀበት ከጄሪካን እየቀዳ የሚሠራ ነጋዴ በዚህ ሞተር ላይ ቁማር መጫወቱ ነው፡፡ በአየር ማጣሪያው በኩል አቧራ ካለፈም ጉዳቱ ከባድ ነው፡፡

ሒሳቡ

ለምሳሌ በዓመት 30 ሺሕ ኪሎ ሜትር የሚሄድና በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር የሚጠጣ መኪና እንውሰድ፡፡ 4,200 ሊትር ናፍጣ ይፈልጋል፡፡ መስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በታወጀው 90 ብር ከ28 ሳንቲም ብቻ ቢሰላ 379 ሺሕ ብር ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ ዋጋው ጨምሯል፡፡ ዘይቱ በየ5 ሺሕ ኪሎ ሜትሩ ቢለወጥ በዓመት 6 ጊዜ ነው፤ በአንድ ጊዜ 10 ሊትር ገደማ ሲወስድ 60 ሊትር ዘይት ከነማጣሪያው ማለት ነው፡፡ በዚህ ላይ አምስት ጎማ፣ ኢንሹራንስ፣ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ ይታከላሉ፡፡

ብዙዎች የማይቆጥሩት ወጪ የታሰረው ገንዘብ ነው፡፡ መኪና ላይ የዋለ 2 ሚሊዮን ብር በቡና ንግድ 15 በመቶ ያተርፍ ነበር ከተባለ፣ መኪናው ቆሞም ቢሆን በዓመት 300 ሺሕ ብር ያስወጣል፡፡ ስለዚህ ርካሹ መኪና በዝቅተኛ ዋጋ የተገዛው ሳይሆን በለቀማ ወራት ሳይቆም የሠራው ነው፡፡

ከመፈራረም በፊት

ሞተሩ ሳይሞቅ በጠዋት ይነሳ፤ ከተነሳ በኋላ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይታይ እንደሆነ ይመርመር፡፡ ሻንሲው ከሥር ዝገትና ብየዳ ይፈለግበት፡፡ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይመለሳል፤ ያለቀ ፔዳልና መሪ ግን አይዋሽም፡፡

ወረቀቱም የመኪናውን ያህል ይመርመር፡፡ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉ፣ የባንክ ዕገዳ አለመኖሩ ይጣራ፡፡ ከግብረ ሰናይ ድርጅት ወይም ከኤምባሲ የወጣ መኪና ከቀረጥ ነፃ የገባ ሊሆን ስለሚችል፣ መብቱ ለሌለው ሰው ሲዛወር ቀረጡ ይከፈላል፡፡ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ ያልተጻፈ እንደሆነ ዕዳው የገዢው ራስ ምታት ነው፡፡

ለዋጫም ሆነ ለቦንጋ ነጋዴ ጊዜውም ዋጋ አለው፡፡ ለቀማው ጥቅምት አካባቢ ይጀምራል፡፡ መኪናውን በክረምቱ ገዝቶ ቺንጋውን፣ የውኃ መስመሩንና የፊት አክሰሉን አስቀድሞ ያስጠገነ ሰው ወቅቱን በመንገድ ላይ ያሳልፋል፡፡ ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለሻጩ ያስረከበ ግን የመጀመሪያው ብልሽት ሲመጣ ከቡናው ወይም ከመኪናው አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፡፡