«እኛ ጋ በረዶ የለም፤ ውሃ ይበቃል»

ታላቅ ወንድሜ በእቁብና በብድር የገዛት ሚኒባስ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ የዓባይ በረሃን ዳገት ሳትጨርስ ቆመች። የሙቀት መለኪያው ቀዩን መስመር አልፎ ነበር፤ ከኮፋኖው ሥር ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎላል። ረዳቱ ገና 17 ዓመቱ ነው። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም ተጨነቀና ወንድሜ «ቆይ! እንዳትነካው!» ብሎ ሳይጨርስ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ከፈተው። የፈላው ውሃ ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ ቆዳውን ላጠው። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት እናት «ልጄን! ልጄን!» እያሉ የያዙትን የመጠጥ ውሃ ሁሉ እጁ ላይ አፈሰሱለት፤ እሳቸው ያደረጉት ትክክል ነበር። የጥርስ ሳሙና እንቀባው ያሉትን ግን መከልከል ነበረብን።

መሬት ላይ የፈሰሰው ውሃ ቀለሙ የሻይ ነበር። ዝገት ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ወንድሜ ኩላንት ልግዛ ሲል አንድ መካኒክ «ወንድሜ፣ እሱ ለፈረንጅ አገር ነው። እኛ ጋ በረዶ የለም፤ ውሃ ይበቃል» ብሎ መልሶት ነበር። ወንድሜም አመነው። በየሳምንቱ ከቧንቧ የተቀዳ ግማሽ ሃይላንድ ውሃ ሲጨምር ከረመ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሲወርድ ውሃ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያቸው እንደ ተበላ ጥርስ ተቦርቡሮ ነበር። ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጋርኔሲዮኑ፣ ተቃጥሏል፤ የራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች በዝቃጭ ተደፍነዋል። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ቢወሰድም ተልጦ የሚድን አልሆነም። መጀመሪያ የለቀቀው ክዳኑ ይሁን ራዲያተሩ መካኒኮቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ሁሉም የተስማሙበት አንድ ነገር ነው፦ ሞተሩ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ ውሃ ሲዞር ኖሯል።

«ውሃ ይበቃል» የሚለውን አባባል የሚደግሙት ሰዎች ከመሬት ተነሥተው አልፈጠሩትም። ውሃ ሙቀት በመሸከም ከኩላንት ይበልጣል፤ ይህ ሐቅ ነው። የድሮዎቹ መኪኖችም ብሎካቸውም ቴስታታቸውም ወፍራም ብረት፣ ራዲያተራቸው የመዳብና የነሐስ ነበር። ሲደፈን ይፈታል፣ ይጠረጋል፣ በብየዳ ተጠግኖ ይመለሳል። በእነዚያ መኪኖች እጃቸውን የፈቱ አባቶች ውሃ ሞልተው ብዙ ዓመት ነድተዋል። ዛሬ ግን አብዛኛው ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ ራዲያተሩም ስስ አሉሚኒየም ሆኖ ጫፍና ጫፉ ፕላስቲክ ነው። መኪናው ተቀይሮ ምክሩ ባለበት ቀረ። የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው፤ በየቀኑ የተበላ ቴስታታ በእጁ የሚያወርድ ባለሙያ ለቀጣዩ ደንበኛ ያንኑ ምክር ሲደግም መስማት።

ያሳሳተን ኩላንት የሚጠራበት ሌላው ስም ይመስለኛል። «አንቲፍሪዝ» ማለት ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል ማለት ነውና በረዶ የሌለበት አገር ምን ያደርጋል ያሰኛል። (በረዶ የለም የሚለውም ቢሆን ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ መኪናውን ውጭ ያሳደረን ሰው አያሳምንም።) እኛ አገር ግን የኩላንት ዋና ሥራ ሌላ ነው፤ ሞተሩን ከዝገት መጠበቅ።

ሞተር ውስጥ ውሃው ብረት፣ አሉሚኒየም፣ አንዳንዴም መዳብ እየነካ ይዞራል። የተለያዩ ብረታ ብረቶች ማዕድን ባለው ውሃ ሲገናኙ የሚሆነው ባትሪ ውስጥ የሚሆነው ነው፦ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፤ አንደኛው ለሌላው እየተበላ ይሄዳል። ተበይው ብዙ ጊዜ አሉሚኒየሙ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። ኩላንት ውስጥ ያሉት ፀረ ዝገት ንጥረ ነገሮች፣ ማለትም ሲሊኬት፣ ፎስፌት ወይም ኦርጋኒክ አሲዶች፣ የብረቱን ገጽ ይጠብቃሉ። እነሱ ግን በጊዜ ብዛት ያልቃሉ። ኩላንት ቀለሙ ሳይለወጥ እንኳ በጊዜው የሚቀየረው ለዚህ ነው፤ የድሮው ዓይነት በሁለት ዓመት ገደማ፣ ኦርጋኒክ አሲድ ያለው እስከ አምስት ዓመት።

በዚህ ላይ የውሃችን ጠባይ ይጨመርበት። ድሬዳዋ የኖረ ሰው የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ያው ቅርፊት ሞተር ውስጥም ይጋገራል፤ ሲጋገር ሙቀቱ ከብረቱ ወደ ውሃው እንዳያልፍ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። መለኪያው ደህና እያሳየ ቴስታታው አንድ ቦታ ላይ ሊነድ ይችላል።

ከፍታውም አለ። በባሕር ጠለል ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህ ደግሞ ጤነኛ ሞተር በየቀኑ የሚሠራበት ሙቀት ነው። እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ጥሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ የመፍያውን ነጥብ ወደ 115 ዲግሪና ከዚያ ትንሽ በላይ ያደርሰዋል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ሌላ ሰባት ስምንት ዲግሪ ይጨምራል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ተሳፋሪ ሞልቶ ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን ለሚወጣ መኪና ግን በመድረስና በመቆም መካከል ያለው ልዩነት እሱ ሊሆን ይችላል። ጎማው የደረቀ ክዳን ካለ ደግሞ ውዱም ኩላንት አያድንም። ክዳን ርካሽ ነው፤ ይቀየር።

ሌሎቹ ወሬዎች ይህን ያህል አያስቆዩንም።

«ቴርሞስታት ለቀዝቃዛ አገር ነው፤ አውጥተህ ጣለው» የሚለው የዚሁ አባባል ወንድም ነው። ቴርሞስታት ውሃው ወደ ራዲያተር የሚያልፍበትን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ነው፤ ተዘግቶ ከቀረ ሞተር ስለሚያሞቅ መንገድ ላይ አውጥቶ ቤት መድረስ ያስኬዳል። ከዚያ በአዲስ መተካት እንጂ እንደ ወጣ መቅረት የለበትም። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ረጅም መንገድ ላይ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ ዋናውን መንገድ ከፍቶ አቋራጩን ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር ውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳይደርስ ይመለሳል፤ ለማቀዝቀዝ የተደረገው ያሞቀዋል።

«ቀዩ ለዚህ፣ አረንጓዴው ለዚያ» ይባላል። ቀለም ማቅለሚያ ብቻ ነው፤ ሁሉም አምራች የሚገዛበት የቀለም ሕግ የለም። የሚታየው የመኪናው መመሪያና ዕቃው ላይ የተጻፈው ዓይነት ነው። ሲሊኬት ያለውን ከኦርጋኒክ አሲዱ ጋር መቀላቀል ዕድሜያቸውን ያሳጥራል፤ አንዳንዴ ረግቶ ቱቦ ይደፍናል። የነበረው ካልታወቀ አጥቦ አዲስ መሙላት ይሻላል። ቀለም የተነከረ ውሃ በኩላንት ስም የሚሸጡም አሉ። ድብልቁን የሚለካ መሣሪያ ያለው ጋራዥ አንድ ጠብታ ወስዶ ወዲያው ይለየዋል፤ ገንዘብ ሳይከፈል ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

«ሳይበረዝ ቢሞላ ይበልጥ ይሠራል» የሚሉም አሉ። አይሠራም። ያልተበረዘው ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከውሃ በጣም ያንሳል። ብርድ እንኳ ግማሽ በግማሹን ያህል አይችልም፤ ድብልቁ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሳይረጋ ሲቆይ ንጹሑ በ13 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች ይረጋል። ግማሽ በግማሽ ይበቃል። ዕቃው ላይ ዝግጁ ድብልቅ ነው ከተባለ ደግሞ ውሃ አይጨመርበትም። መበረዣው የተጣራ ውሃ ነው። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ለአፍ ንጹሕ ነው እንጂ ማዕድኑ አልወጣለትም፤ ይዘቱ ዕቃው ላይ ተዘርዝሯል። ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ የሚገዛ ሰው አሲዱን እንዳይሰጡት አስረግጦ ይጠይቅ።

«መኪናዬ ውሃ ትጠጣለች» ብሎ ነገሩን እንደ ጠባይ መቀበልም አደጋ አለው። ዑደቱ ዝግ ነው፤ በየሳምንቱ ግማሽ ሃይላንድ ከጎደለ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። የፓምፑ ሥር፣ የቱቦ ማሰሪያ፣ የራዲያተሩ ስፌት ይታይ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ በማርሚታው ከወጣ፣ ወይም የዘይቱ ክዳን ሥር የማኪያቶ መልክ ያለው ነገር ከታየ፣ ውሃው ወደ ማቃጠያው ክፍል ወይም ወደ ዘይቱ ገብቶ ሊሆን ይችላልና መኪናው አይነዳ።

አሞላሉ ቀላል ነው። ሞተሩ ይብረድ፤ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ በእጅ ሲጨመቅ ለስልሶ እስኪገኝ ይጠበቅ። ከጎን ያለው የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ በሁለቱ መስመሮች መካከል ይሙላ፤ ሲሞቅ ስለሚያብጥ ከላይኛው አይለፍ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታ ይሰነጥቃል። በረሃ ላይ ኩላንት ካልተገኘ ንጹሕ ውሃ ጨምሮ መድረስ ይቻላል፤ በዚያው ሳምንት ግን ውሃው ወጥቶ በትክክለኛው ድብልቅ ይተካ።

የተረፈውን ኩላንት ሃይላንድ ውስጥ አታስቀምጡት። እለምናችኋለሁ። አብዛኛው ኩላንት የሚሠራበት ኤቲሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ትንሽ መጠኑ ኩላሊት አጥፍቶ ሕፃን ይገድላል። መንገድ ላይ የፈሰሰውን የላሰ ውሻም ይሞታል።

የረዳቱ እጅ ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ። ሥራውን አልተወም። ወንድሜ አሁን ከኮፋኖው በታች ነጭ ፕላስተር ለጥፏል። የገባው ኩላንት ዓይነት፣ «ግማሽ በግማሽ» የሚል ቃልና የተሞላበት ቀን ተጽፎበታል። ጽሑፉ የልጁ ነው።