ደም ብዛት የሌላ በሽታ ምልክት ሲሆን

«ደም ብዛት አለብኝ» የሚል ሰው በየሰፈሩ አለ። ስሙ ግን ያሳስታል። የዚህ ሰው ደም በዝቶ አይደለም። ደሙ የሚሄድበትን ሥር ከልክ በላይ ስለሚገፋው ነው። ስለዚህ ሐኪሞች «የደም ግፊት» ይሉታል። እኛም ግፊት እንበለው።

ግፊት በሁለት ቁጥሮች ይነገራል። የጤነኛ ዐዋቂ ግፊት 120 በ80 ገደማ ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። ብዙ ሰዎች «ራሴን ሲያመኝ ዐውቀዋለሁ» ይሉናል። ይህ አባባል ያሰጋናል። ግፊት ምንም ሳያሳምም ዓመታት ሊቆይ ይችላልና።

ከፍተኛ ግፊት ካለባቸው ዐዋቂዎች የአብዛኞቹ መነሻ ይህ ነው ተብሎ አይለይም። ዕድሜ፣ የቤተሰብ ዘር፣ ጨው፣ ውፍረት ተደራርበው ያመጡታል። ከ100ው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ግን ግፊታቸው ከሌላ በሽታ የመጣ ነው። ጥቂት ናቸው ብለን አንለፋቸው። መነሻው ሲታከም የአንዳንዶቹ ግፊት ጨርሶ ይወርዳል።

ዋናው መነሻ ኩላሊት ነው። የመስኖ ቦይ እናስብ። ቦዩ መንገድ ላይ ሲደፈን ከታች ያለው ማሳ ውሃ ያጣል። ባለ ማሳው «ውሃ ልቀቁ!» ብሎ ይጮኻል። ኩላሊትም እንዲሁ ነው። ወደ እርሱ የሚሄደው የደም ሥር ሲጠብ ደም ያለቀ ይመስለዋል። ሬኒን የሚባል ነገር ወደ ደም ይለቃል። በዚህ ምክንያት ሥሮች ይጠባሉ፤ ሰውነት ጨውና ውሃ ይይዛል። ግፊት ይጨምራል። ሃሪ ጎልድብላት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1934 ይህን በውሻ አሳየ። ወደ ውሻው ኩላሊት የሚሄደውን ሥር በትንሽ መቆንጠጫ አጠበበው። የውሻው ግፊት ወጣ።

አሁን ወደ ልጆቻችን እንምጣ። ጉሮሮውን ታሞ የዳነ ወይም ቆዳው ቆስሎ የነበረ ልጅ፣ ከ1 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ጠዋት ሲነሣ ፊቱ ሊያብጥ ይችላል። እናት «ልጄ ወፈረልኝ» ብላ ትደሰት ይሆናል። ሽንቱን ግን ትይ። ሽንቱ ካነሰ፣ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ፣ ኩላሊቱ ታሟል። ሰውነቱ የጉሮሮውን ጀርም ሲዋጋ ኩላሊቱን ጎድቶታል። ግፊቱም ይወጣል። ራሱን ያመዋል፣ ያስታውከዋል፣ ሊጥለውም ይችላል። «ቡዳ ነው» እያሉ ቤት ማቆየት ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። እንጥል ማስቆረጥም ከዚህ አያድንም። በጊዜ ጤና ጣቢያ የደረሱ ልጆች አብዛኞቹ ይድናሉ እኮ!

ከኩላሊት ሌላ ዕጢዎችም አሉ። በእያንዳንዱ ኩላሊት አናት ላይ ትንሽ ዕጢ አለ። ሥራው ሲበዛ ሰውነት ጨው እንዲይዝ ያደርጋል። ጀሮም ኮን የተባለ ሐኪም በ1955 ስለዚህ ጻፈ። የአንገት ዕጢም ከልክ በላይ ሲሠራ የላይኛውን ቁጥር ከፍ ያደርጋል። እንቅርት ያለው ሁሉ ግን ግፊት አለበት ማለት አይደለም። ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቁርጥ እያለ የሚመለስ ሰውም መመርመር አለበት።

መድኃኒትም ግፊት ያወጣል። ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚዋጠው ዲክሎፌናክ አንዱ ነው። ፕሬድኒሶሎን ሌላው ነው። አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንም እንዲሁ።

ታዲያ መነሻውን ማን ይፈልግ? ዕድሜው ከ30 በታች የሆነ ሰው፣ 3 ዓይነት መድኃኒት እየዋጠ ግፊቱ ያልወረደለት፣ ደህና ቆይቶ በድንገት የባሰበት፣ እነዚህ ሁሉ ሐኪሙን «ከምን መጣብኝ?» ብለው ይጠይቁ። የሽንትና የደም ምርመራ ብዙ ይናገራል። እስከዚያው የተሰጠው የግፊት መድኃኒት አይቋረጥ። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ቤት ያለውን ክኒን ሁሉ፣ ከሱቅ የተገዛውንም ቢሆን፣ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ። ስሙን አሁን ራሳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ።