ፍሪጅ ሲበላሽ፦ ማሠራት ይሻላል ወይስ አዲስ መግዛት?

#አምቦ #ምዕራብ_ሸዋ #ጠቃሚ_መረጃ

አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪ፣ ጌዶ ወይም ባኮ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፣ ፍሪጃችሁ ማቀዝቀዝ ሲያቆም ብዙ ጊዜ የምትሰሙት ምክር ሁለት ነው። አንዱ "ጋዝ ጨርሷል፣ ይሞላ" ይላችኋል። ሌላው "አርጅቷል፣ ሽጡትና አዲስ ግዙ" ይላችኋል። ሁለቱም ምክሮች ምንም ሳይለካ የተሰጡ ከሆነ ኪሳችሁን ይጎዳሉ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። አብዛኛው ፍሪጅም ሆነ መለዋወጫው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዛሬ በችኮላ የሚወሰን ውሳኔ የብዙ ወር ደመወዝ ያስወጣል። ቀዝቃዛ መጠጥ ሸጣ ለምታድር ባለ ሱቅ ደግሞ ፍሪጁ የዕለት ገቢዋ ነው።

ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት "የተበላሸው ምኑ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

🔧 ምልክቱን አይታችሁ ለዩ

1. ጭራሽ አይበራም፣ የውስጥ መብራቱም የለም።
ችግሩ ሶኬቱ፣ ገመዱ ወይም ዲቫይደሩ ሊሆን ይችላል። ደህና በሚሠራ ሌላ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። ብዙ ወጪ የለውም።

2. መብራቱ አለ፣ ሞተሩ ግን "ጭው" ብሎ "ቀጭ" ይልና ይቆማል።
ወዲያው "ሞተሩ ተቃጥሏል" ቢሏችሁ አትመኑ። ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ (ሪሌ) ተበላሽቶ ወይም የመብራቱ ኃይል ወርዶ ሊሆን ይችላል። ሪሌ ከሞተር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው።

3. ሞተሩ ይሠራል፣ ግን አያቀዝቅዝም።
እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም! በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ጎድሎ ከሆነ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን ጋዝ ማስሞላት የተቀደደ ጆንያ ላይ ጤፍ እንደመጨመር ነው። ከጥቂት ሳምንት ወይም ወር በኋላ እንደገና ትከፍላላችሁ።

4. ያቀዝቅዛል፣ ግን ሞተሩ አያርፍም።
የበሩን ጎማ ፈትሹ። ወረቀት በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም ችግር ከወጣ ጎማው ላልቷል። ከኋላ ያለውን አቧራ ጥረጉ፣ ከግድግዳውም ትንሽ አርቁት። የበዓል ሥጋ በአንዴ ሞልታችሁበት ለረጅም ሰዓት ቢሠራ ግን ብልሽት አይደለም።

5. ስትሰኩት ብሬከሩን ይጥላል።
ሞተሩ ውስጡ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ደጋግማችሁ አትሞክሩ፣ ነቅላችሁ ባለሙያ ጥሩ።

⚖️ ታዲያ ምን ይሻላል?

ብዙ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፦ የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ካለፈና ፍሪጁ 10 ዓመት ገደማ ከሆነው መቀየሩ ያዋጣል።

👉 የበር ጎማ፣ ሪሌ፣ ቴርሞስታት፣ ፋን ከሆነ፦ አሠሩት።
👉 ከውጭ በሚታይ ቱቦ ላይ ያለ ቀዳዳ ከሆነ፦ ተበይዶ ይሠራል፣ አሠሩት።
👉 ሞተሩ ተቃጥሎ፣ ፍሪጁ ግን ገና ጥቂት ዓመቱ ከሆነ፦ ዋጋ ጠይቃችሁ አስሉ።
👉 ሞተሩም ሄዶ፣ ዕድሜውም ገፍቶ ወይም ቀዳዳው በግድግዳው ፎም ውስጥ ከሆነ፦ ባታደክሙት ይሻላል።

የመብራት ፍጆታውንም መለካት ትችላላችሁ። ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍታችሁ የቆጣሪውን ቁጥር መዝግቡ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ እንደገና እዩ። ጤነኛ መካከለኛ የቤት ፍሪጅ በቀን ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይርቅም። የእናንተ ሁለትና ሦስት እጥፍ ከሆነ በየወሩ ካርድ እየበላባችሁ ነው።

🧯 ለባለሙያው ሦስት ጥያቄ

"ቀዳዳውን አገኘኸው ወይ?"
"ጋዙን ከመሙላትህ በፊት ቫኪዩም ታደርጋለህ? ፊልተሩንስ ትቀይራለህ?"
"የምትሞላው ጋዝ ፍሪጁ ላይ የተጻፈው ራሱ ነው?"

የመጨረሻው ጥያቄ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ከፍሪጁ ጀርባ ወይም ከውስጡ ያለው መለያ ላይ "አር 600ኤ" የሚል ከተጻፈ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፣ ከማብሰያ ጋዝ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ዝግ ቤት ውስጥ ጋዙ ሳይወጣ እሳት ይዞ መበየድ አደጋ አለው። በር መስኮት ይከፈት፣ ቢቻል ደጅ ይሠራ።

⚡ ዋናው ነገር ግን መብራቱ ነው

ፍሪጁ የተሠራው ለ220 ቮልት ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲጥድ ኃይሉ ይወርዳል። ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ሊዘል ይችላል። ሞተር የሚገድለው በአብዛኛው ይኼ ነው። ይህን ሳታስተካክሉ አዲስ ብትገዙም አዲሱ የአሮጌውን ዕጣ ነው የሚያገኘው።

መፍትሔው፦
✔️ ባለሙያው ማታ መጥቶ ቮልቱን በቴስተር ይለካ።
✔️ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ንቀሉ። ሲመጣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሰኩ።
✔️ አቅም ከፈቀደ ዘግይቶ የሚያስነሳ ስታቢላይዘር ግዙ።
✔️ ፍሪጅና ምጣድ በአንድ ዲቫይደር አትሰኩ።

🚚 አዲስ ወይም ያገለገለ ስትገዙ

ያገለገለ ከሆነ ተሰክቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ሞተሩም ራሱ ቆሞ ሲነሳ ሳታዩ ብር አትክፈሉ። አዲስ ከሆነ ማኅተም ያለው የዋስትና ወረቀት ተቀበሉ። ሞተሩን ይሸፍናል? ቢበላሽ የሚጠገነው የት ነው? ከአምቦ አዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የማመላለሻውን ወጪም አስቡት።

ከመርካቶ ጭናችሁ ስትመጡ ፍሪጁ ቆሞ ይምጣ። ከተኛ የሞተሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳል። ግድ ሆኖ ከተኛም አቁማችሁ ቢያንስ ግማሽ ቀን ሳትሰኩት ቆዩ።

በመጨረሻም፣ አትቸኩሉ። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ሞቅ ከሚለው ባኮ ይልቅ ጥቂት ቀን ያለ ፍሪጅ መቆየት ይቻላል። ቤታችሁ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ ግን ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቀመጥ ስላለበት፣ ዛሬውኑ ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፣ ፋርማሲም ጠይቁ።

ፍሪጅ ሊሸጥ ወይም ሊገዛ ላሰበ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። 🙏