ከነፋስ ስልክ እስከ ዋይፋይ ጥሪ፦ በገመድ አልባ ኢንተርኔት ለሚደረግ የስልክ ጥሪ የስያሜና የፍቺ ማብራሪያ

፩. መግቢያ

በተንቀሳቃሽ ስልክ፣ በሞባይል ማማ በኩል ሳይሆን በገመድ አልባ የኢንተርኔት መረብ አማካይነት የመደወል አሠራር ወደ አማርኛ ሲመለስ ለተርጓሚው በቀላሉ የሚመጡለት ስያሜዎች ብዙ ናቸው። «ዋይፋይ ኮሊንግ»፣ «የዋይፋይ ጥሪ»፣ «የኢንተርኔት ስልክ»፣ «የበይነ መረብ ጥሪ»፣ «የዳታ ጥሪ» ከእነዚሁ ውስጥ ይቆጠራሉ። የስያሜው መብዛት ብቻውን ጉዳት የለውም፤ ቋንቋ ለአንድ ነገር ሁለት ሦስት ስም ይዞ ሊኖር ይችላል። ጉዳት የሚመጣው በአንድ ስም ሁለትና ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሲጠሩ ነው። በተለይም ነገሩ በደንበኞች ውል፣ በዋጋ ዝርዝርና በሕግ አንቀጽ ውስጥ ሲገባ የስሙ መደበላለቅ ገንዘብና መብት ይነካል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአሠራሩን ምንነት በአጭሩ አስረድቶ፣ በጽንሰ ሐሳብ የሚለያዩትን ነገሮች ከለየ በኋላ፣ በአማርኛ ያሉትን ነባር ቃላት መርምሮ ለሙያው የሚበጁ ስያሜዎችን ከነፍቻቸው ማቅረብ ነው።

፪. የአሠራሩ ምንነት

ተራው የሞባይል ጥሪ ከቀፎው ተነሥቶ በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት በአቅራቢያው ወደሚገኘው ማማ ይደርሳል። ሞገዱ ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ሲገጥመው ይዳከማል፤ የቆርቆሮ ጣራና ግድግዳ ደግሞ መልሶ ያነጥረዋል። በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዓለም ባንክን በመሰሉ ቤት ከቤት ተያይዞ በተሠራባቸው ሰፈሮች ከውስጥ ክፍል ይልቅ በረንዳ ላይ ስልክ የተሻለ የሚሰማበት አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው።

በዋይፋይ ሲደወል ግን ቀፎው ማማውን መፈለግ አያሻውም። በቤት ውስጥ ካለው ራውተር ጋር ይገናኝና፣ ከዚያ በኢንተርኔቱ ላይ እስከ ቴሌኮም ድርጅቱ ድረስ የተመሰጠረ መተላለፊያ ይዘረጋል። ድርጅቱ የደዋዩን ማንነት የሚያረጋግጠው በማማው በኩል በሚደረገው ጥሪ እንደሚያደርገው ሁሉ በሲም ካርዱ ነው። ስለዚህ ደዋዩ የሚታወቀው በዚያው በመደበኛ ቁጥሩ ነው፤ ተቀባዩም ጥሪው በዋይፋይ መምጣቱን ሳያውቅ ያነሣዋል። ደዋዩ እየተነጋገረ ከቤት ቢወጣ፣ ቀፎውና መረቡ ከፈቀዱ፣ ጥሪው ሳይቋረጥ ወደ ማማው ይተላለፋል።

ድምፁ የሚጓዘው ተቆራርጦ ነው። በቀድሞው ዲጂታል የስልክ ሥርዓት ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ እየተለካ በ64,000 ቢት ይመዘገባል፤ በኢንተርኔት ሲላክም አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊ ሰከንድ የሚያህል ንግግር በያዙ እሽጎች፣ ማለትም በሰከንድ 50 እሽግ ይሄዳል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ ለመድረስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ባይፈጅ ንግግሩ ተፈጥሯዊ አካሄዱን ይጠብቃል። ከዚያ እየራቀ ሲሄድ ተነጋጋሪዎቹ አንዱ የሌላውን ቃል መሻማት ይጀምራሉ።

ለቋንቋ ባለሙያ የሚጠቅም አንድ ነጥብ እዚህ ላይ ይነሣል። የድሮው ስልክ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ሄርትዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነበር። የ«ሰ» ፍትጊያ ግን ዋናው ጉልበቱ ከ4,000 ሄርትዝ በላይ ስለሆነ በዚህ ጠባብ መስመር ሲያልፍ ይቀነሳል፤ በመሆኑም «ሠራ» እና «ፈራ» በስልክ ሲነገሩ ሊምታቱ ይችላሉ። በዋይፋይ የሚደረገው ጥሪ እንደ አዲሱ የሞባይል ጥሪ ሁሉ እስከ 7,000 ሄርትዝ የሚደርሰውን ሰፊ መስመር መጠቀም ስለሚችል፣ የአናባቢና የተናባቢ ልዩነት ይበልጥ ጎልቶ ይሰማበታል።

አሠራሩ ድክመትም አለው። የመብራት ኃይል ሲቋረጥ ራውተሩ አብሮ ይጠፋል፤ የሞባይል ማማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር አለው። ደግሞም ጥሪው በማማ ስለማይመጣ ደዋዩ የት እንዳለ በቀላሉ አይታወቅም። በአንዳንድ አገሮች አገልግሎቱን የሚከፍት ደንበኛ አድራሻውን አስቀድሞ እንዲያስመዘግብ የሚጠየቀው ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ሲባል ነው።

፫. መለየት ያለባቸው ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች

አንደኛው ከላይ የተገለጸው፣ የቴሌኮም ድርጅት ለደንበኛው በሲም ካርዱና በመደበኛ ቁጥሩ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። ድርጅቱ የዋጋ ተመን ያወጣለታል፤ ወደ ማንኛውም የስልክ ቁጥር ያስደውላል። ይህ አገልግሎት በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በእጅ ስልኮች ውስጥ ተካትቶ መምጣት ሲጀምር ነው።

ሁለተኛው በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ፣ በኢሞ ወይም በመሰል መተግበሪያ የሚደረገው ጥሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውና በ2025 የተዘጋው ስካይፕ ለዚህ ዓይነቱ ጥሪ ፈር ቀዳጅ ከነበሩት አንዱ ነው። እዚህ ላይ የቴሌኮም ድርጅቱ የሚያስተላልፈው ዳታ እንጂ ጥሪ አይደለም፤ ተነጋጋሪዎቹም ሁለቱ በአንድ መተግበሪያ መመዝገብ አለባቸው። እንዲህ ባለው መተግበሪያ ወደ ፖሊስ 991 ወይም ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል አይቻልም።

ሦስተኛው ያለ ፈቃድ ከውጭ አገር የሚመጣን ጥሪ በኢንተርኔት ተቀብሎ ወደ አገር ውስጥ ቁጥር እያስገቡ የሚነግዱበት ሥራ ነው። ይህ በቴክኒክ ከሁለቱ ጋር ዝምድና ቢኖረውም በሕግ ፊት ሌላ ነገር ነው።

እነዚህን ሦስቱን «የኢንተርኔት ስልክ» ብሎ መጥራት ምን እንደሚያስከትል የአገራችን የሕግ ታሪክ ያሳያል። የቴሌኮሙኒኬሽን ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅና የፋክስ ግንኙነት ማድረግንም ሆነ አገልግሎቱን መስጠትን ከልክሎ ነበር። ቀጥሎ የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጠውን ከ3 እስከ 8 ዓመት በሚደርስ እስራት እንደሚያስቀጣ ደነገገ፤ አገልግሎቱን የሚያገኘውንም በቅጣት ጠቀሰ። አዋጁ በወጣበት ወቅት በስካይፕ ከዘመድ ጋር መነጋገር ወንጀል ሊሆን ነው የሚል ሥጋት ተሰማ፤ መንግሥትም የሕጉ ዒላማ ሕገ ወጥ የጥሪ ንግድ እንጂ የግለሰብ መነጋገር አለመሆኑን መግለጽ ግድ ሆነበት። ሥጋቱን የቀሰቀሰው አንዱ ምክንያት ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ሐረግ መጠቅለላቸው ነው። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን ለውድድር ከከፈተና ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የደንበኞች ውልና የማስታወቂያ ትርጉም ስለበዛ ስያሜን የመለየቱ አስፈላጊነት ጨምሯል።

፬. ነባር ቃላት ምን ያስተምራሉ?

«ስልክ» የሚለው ቃል ምንጩ ዐረብኛ ሲሆን ትርጉሙም «ሽቦ፣ ክር» ነው። ቴሌፎን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ የአዲስ አበባና የሐረር መስመር በ477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘርግቶ ሁለቱን ከተሞች አገናኘ። ሕዝቡ መሣሪያውን የጠራው ዓይኑ ባየው ነገር፣ በሽቦው ነው። እንግዲህ በምንጩ ብቻ ብንተረጉመው «ገመድ አልባ ስልክ» ማለት «ገመድ አልባ ገመድ» ማለት ይሆናል። ሆኖም «ስልክ» ሲባል ሽቦ የሚታየው ተናጋሪ ዛሬ የለም። ቃሉ ከሽቦው ተላቆ መሣሪያውን፣ ጥሪውንና ቁጥሩን የሚያመለክት ሆኗል።

ይበልጥ የሚደንቀው «ነፋስ ስልክ» ነው። የሬዲዮ መልእክት ማስተላለፊያ ወደ አገራችን ሲገባ አማርኛ ባዕድ ቃል ሳይበደር፣ ከሁለት የታወቁ ቃላት፣ በነፋስ የሚሄድ ስልክ የሚል ስም ሠራለት። ጣቢያው የቆመበት የአዲስ አበባ ደቡባዊ ሰፈርም በዚሁ ተጠራ፤ ዛሬም «ንፋስ ስልክ ላፍቶ» በሚለው የክፍለ ከተማ ስም ውስጥ ይገኛል። ስሙ ለቦታው ሲቀር ግን ለነገሩ ጠፋ። አሁን «በነፋስ ስልክ ደወለልኝ» ቢባል ሰሚው የሚረዳው ደዋዩ የነበረበትን ሰፈር ነው። ስለዚህ ቃሉ ምንም ያህል ቢያምር ለዋይፋይ ጥሪ መልሶ ማንሣት አይመከርም።

ዓለም ባንክም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ድርጅቱ «የዓለም ባንክ» ሲባል ከድርጅቱ ስም የተወረሰው የሰፈሩ መጠሪያ ያለ «የ» «ዓለም ባንክ» ነው። በአንዲት ፊደል የቆመው ይህ ልዩነት መስተዋድድ ሲመጣ ይፈርሳል፤ «ከ»፣ «ለ»፣ «በ» ሲቀድሙ «የ» ስለሚወድቅ «ከዓለም ባንክ ብድር ተገኘ» እና «ከዓለም ባንክ ታክሲ ተገኘ» በመልክ አንድ ይሆናሉ። አንባቢው የሚለያቸው በዐውዱ ብቻ ነው።

ይህ ሰዋስዋዊ ጠባይ ለያዝነው ጉዳይ ቁልፍ ነው። «የኢንተርኔት ስልክ» የሚለው ስያሜ «በ» ሲቀድመው «በኢንተርኔት ስልክ ደወለ» ይሆናል። ይህ «በኢንተርኔት አማካይነት፣ ስልክ ደወለ» ወይም «የኢንተርኔት ስልክ በተባለው አገልግሎት ደወለ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በሕግ ጽሑፍ ውስጥ አንዱ ንባብ ማንኛውንም ጥሪ ሲያጠቃልል ሌላው አንድን አገልግሎት ብቻ ይመለከታል።

፭. የስያሜ ምርጫ

በሙያዊ ቃላት ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በግዕዝና በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መፈለግ፣ ካልተገኘ መዋስ ነው። «በይነ መረብ» ከግዕዙ «በይነ» እና ከ«መረብ» ተቀናብሮ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ሆኖም «ዋይፋይ» በሁለት ምክንያት እንዲሁ ቢወሰድ ይሻላል። አንደኛ፣ ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የንግድ ስም እንጂ ሊተረጎም የሚችል ፍቺ ያለው ሐረግ አይደለም። ሁለተኛ፣ «ገመድ አልባ» ቢባል የሞባይል ማማውም ገመድ አልባ ስለሆነ ልዩነቱ ይጠፋል።

ሁለተኛው ክፍል «ስልክ»፣ «መደወል» ወይስ «ጥሪ» ይሁን? «የዋይፋይ ስልክ» ቢባል መሣሪያውን ያስመስላል። «መደወል» ድርጊቱን እንጂ የሚቆጠረውንና የሚከፈልበትን ነገር አያሳይም። «ጥሪ» ግን ይቆጠራል፣ ይመጣል፣ ይቋረጣል፤ «የገባ ጥሪ»፣ «ያልተነሣ ጥሪ» እየተባለም ይገባል። ስለዚህ ለስያሜው የሚስማማው እርሱ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ «ጥቅል» የሚለው ቃል ለዳታ እሽግ እንዳይወሰድ ማስጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ ቃሉ በቴሌኮም ገበያ ለሚሸጠው የኢንተርኔትና የደቂቃ ድምር ተይዟልና።

፮. የቀረቡ ስያሜዎችና ፍቺዎች

የዋይፋይ ጥሪ፦ የቴሌኮም ድርጅት ለደንበኛው በሲም ካርዱና በመደበኛ ቁጥሩ፣ በዋይፋይ መረብ በኩል የሚያገናኘው የስልክ ጥሪ። በውልና በሕግ ጽሑፍ መጀመሪያ ሲጠቀስ «የዋይፋይ ጥሪ አገልግሎት» ተብሎ በሙሉ ይጻፋል።

የመተግበሪያ ጥሪ፦ ሁለቱም ተነጋጋሪዎች በተመዘገቡበት መተግበሪያ የሚደረግ ጥሪ፣ በዋይፋይም ሆነ በሞባይል ዳታ።

የኢንተርኔት ድምፅ ጥሪ፦ ሁለቱን የሚያጠቃልል የወል ስያሜ።

እሽግ፦ በመረብ ላይ ለብቻው የሚጓዝ የዳታ ቁራጭ።

ቅብብል፦ ጥሪ ሳይቋረጥ ከዋይፋይ ወደ ማማ ወይም ከማማ ወደ ዋይፋይ መተላለፉ።

መዘግየት፦ ድምፅ ከተናጋሪው አፍ እስከ ሰሚው ጆሮ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ።

የስያሜዎቹን ልዩነት ለመፈተን አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለት መልክ ማንበብ ይበቃል። «ዓለም ባንክ ካለው ቤቷ ጅዳ ላለችው እኅቷ በዋይፋይ ጥሪ አገልግሎት ደወለች» ሲባል፣ ደዋይዋ ድርጅቱ ባወጣው ተመን መሠረት የውጭ አገር ጥሪ ሒሳብ ሊታሰብባት ይችላል። «በመተግበሪያ ጥሪ ደወለች» ሲባል ግን የምትከፍለው ለተጠቀመችበት ኢንተርኔት ብቻ ነው። ሁለቱንም «በኢንተርኔት ስልክ ደወለች» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ሴትዮዋ ወሩ ሲያልቅ ሒሳቧን አይታ ልትደነግጥ የምትችልበትን ልዩነት ሰርዞባታል። ስለዚህ የደንበኞች ውልና የአጠቃቀም መመሪያ የሚተረጉሙ ባለሙያዎች ጥሪውን የሚያገናኘው ድርጅቱ ወይስ መተግበሪያው መሆኑን ከምንጩ ጽሑፍ ሳያረጋግጡ ስያሜ ባይመርጡ ይመከራል።