የተሰወረው መስኮት

ሰው ዕቃውን ያስቀመጠበትን ቦታ ሲረሳ ይቸገራል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን አንዳንድ ጊዜ ሰውን የሚያስቸግረው ባለመርሳቱ ነው።

በመካነ ሰላም ከተማ የሚሠራ አንድ ወጣት የመዝገብ ሠራተኛ አለ እንበል። ትናንት በስብሰባ አዳራሽ ኮምፒዩተሩን ከፕሮጀክተር ጋር አገናኝቶ መዝገቡን በግድግዳ ላይ አሳየ። ዛሬ ያንኑ ፕሮግራም ቢከፍት ምልክቱ ከስክሪኑ ግርጌ ይታያል፤ መስኮቱ ግን የለም። ከቦረና ገጠር ጎሕ ሳይቀድ የተነሡ ባለጉዳዮች በር ላይ ቆመዋል። «መዝገቡ ጠፍቷል፤ ነገ ተመለሱ» ቢላቸው እውነት የተናገረ ይመስለዋል። መዝገቡ ግን አልጠፋም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በዊንዶውስ ሥርዐት የቦታ ቁጥር ከዋናው ስክሪን የላይኛው ግራ ማዕዘን ከ0 ይጀምራል። ስፋቱ 1920 ነጥብ ከሆነው ስክሪን በስተቀኝ ፕሮጀክተር ቢጨመር፣ ወደዚያ የተሳበው መስኮት 2000ኛው ነጥብ ላይ ሊውል ይችላል። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ይህን ቁጥር ይመዘግባል፤ በማግስቱም ፕሮጀክተሩ መነቀሉን ሳይመረምር መስኮቱን በሌለ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። እንዲሁም ወደ ግርጌ የታጠፈ መስኮት ቦታው ሲጠየቅ ከዜሮ በታች 32000 ብሎ ይመልሳል። ይህንን መዝግቦ የሚያድር ፕሮግራምም መስኮቱን ከዐይን ያርቃል።

ለተቸገረው ሠራተኛ ፈጥኖ ደራሽ መላ አለ። አልትንና ስፔስን አብሮ፣ ቀጥሎ ኤምን፣ ከዚያም አንዱን የቀስት ቁልፍ ተጭኖ ማውዙን ቢያንቀሳቅስ መስኮቱ ተከትሎት ይመጣል።

ይህ ግን ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም። ፈውሱ በፕሮግራም ጸሐፊው እጅ ነው። ቦታውን ጌትዊንዶውፕሌስመንት በተባለው ትእዛዝ ቢጠይቅ፣ መስኮቱ ታጥፎም ቢሆን መደበኛ ቦታውን ያገኛል። ሲመልሰውም በአቻው በሴትዊንዶውፕሌስመንት ይሁን፤ የሁለቱ የቦታ አቆጣጠር አንድ ነውና። ከሁሉ በላይ የተመዘገበውን ከመጠቀሙ በፊት አሁን የተሰኩትን ስክሪኖች ይመርምር፤ የመስኮቱ ራስጌ ከአንዳቸውም ላይ የማይውል ከሆነ ወደ ዋናው ስክሪን ያምጣው።

በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢም ሆነ በሌላ ስፍራ የምትማሩ ወጣቶች ይህን እንድታስቡበት እንወዳለን። እናንተ የምትጨምሩት ጥቂት መስመር፣ ከሩቅ በእግሩ የመጣን ሰው ባዶ እጁን ከመመለስ ያድናል። ሳይቃጠል በቅጠል መባሉም ለዚህ ነው።